የስሙኒ ቅዳሜዎች፦ የሳንቲም ጌም ቤቶች እንዴት ተፈጠሩ፣ ለምንስ ይናፈቃሉ?

አርኬድ የሚባለው የሳንቲም ጌም ቤት ቁመታቸው ሰው የሚያህል የጨዋታ ማሽኖች በረድፍ የቆሙበት፣ ተጫዋቹ ሳንቲም እየጨመረ ቆሞ የሚጫወትበት ቤት ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካና በጃፓን ከተሞች የብዙ ልጆች የቅዳሜ መዋያ ይኸው ቤት ነበር። የያኔዎቹ ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል። ስለ ልጅነታቸው ሲጠየቁ የማሽኖቹን ጫጫታ፣ የጨለመውን ክፍልና ኪስ ውስጥ የሚንኳኳውን ሳንቲም ሳያነሱ አያልፉም። የሚገርመው ማሽኖቹ የተሠሩት ልጁን አጫውተው በቶሎ ለመሸኘት መሆኑ ነው። አንድ ጨዋታ ከሁለት ከሦስት ደቂቃ በላይ ከቆየ ባለቤቱ ይከስራል። ይህ ጥድፊያ የፈጠረው ተራ መጠበቅና ከኋላ ቆሞ መመልከት ግን፣ ማንም ሳያስበው፣ የትዝታው ዋና ክፍል ሆኖ ቀረ።

በሳንቲም የሚከፈል መዝናኛ ከኤሌክትሮኒክስ ይቀድማል። በ1894 በኒው ዮርክ ብሮድዌይ ጎዳና ላይ የኤዲሰን ኪኔቶስኮፕ ቤት ሲከፈት ሰዎች ስሙኒ ከፍለው በአምስት ሣጥኖች ላይ ተራ በተራ እያጎነበሱ፣ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ተንቀሳቃሽ ምስል ያዩ ነበር። ቀጥሎ ፒንቦል መጣ። ፒንቦል በመስታወት ስር የምትሮጥ የብረት ኳስ ቀዳዳ ውስጥ እንዳትገባ እየመቱ የሚመልሱበት ጨዋታ ነው። ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ የሚወስነው ዕድል ነው ተብሎ ስለታመነ ከቁማር ተቆጠረ። የኒው ዮርክ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጓርዲያ በ1942 ፒንቦልን አገዱ፤ በፎቶ አንሺዎች ፊትም ማሽኖችን በመዶሻ አደቀቁ። እገዳው 34 ዓመት ቆየ። በ1976 ሮጀር ሻርፕ የተባለ ተጫዋችና ጸሐፊ በከተማው ምክር ቤት አባላት ፊት ማሽን ተተክሎለት፣ ኳሷን በየትኛው መተላለፊያ እንደሚሰድዳት አስቀድሞ ተናገረ፤ ኳሷም እንዳለው ሄደች። ጉዳዩ ዕድል ሳይሆን ችሎታ ነው ተባለና እገዳው ተነሣ። ሻርፕ ራሱ ዕድልም ረድቶኛል ማለቱ ሌላ ጉዳይ ነው።

የቪዲዮ ጌም በዚህ ሁሉ መሐል ነው የገባው። ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ በ1972 አታሪ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። አዲስ የቀጠሩትን መሐንዲስ አለን አልኮርንን ደግሞ እጁን እንዲያፍታታ ብለው ቀለል ያለ የቴኒስ ጨዋታ እንዲሠራ አዘዙት። ውጤቱ ፖንግ ነው፤ ሁለት ነጭ መስመሮችና በመሐላቸው የምትመላለስ አንዲት ነጭ ነጥብ። የመጀመሪያውን ማሽን በካሊፎርኒያ፣ ሰኒቬል ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንዲ ካፕስ በተባለ መጠጥ ቤት አስቀመጡት። ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ ተበላሽቷል የሚል ስልክ መጣ። አልኮርን ሄዶ ሲከፍተው የተበላሸ ነገር አላገኘም፤ የሳንቲም መቀበያው ሞልቶ ፈስሶ ኖሯል። የኢንዱስትሪው የመጀመሪያ የገበያ ጥናት ይኸው ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ፖንግ የትልልቅ ሰዎችና የመጠጥ ቤት ጨዋታ ነበር። ልጆችን በብዛት የሳበው በ1978 ታይቶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያወጣው ስፔስ ኢንቬደርስ ነው። ፈጣሪው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ማሽኑንም ፕሮግራሙንም የሠራው ራሱ ነው። በስክሪኑ ላይ 55 ወራሪዎች በአምስት ረድፍ ተሰልፈው ወደ ጎን እየሄዱ፣ ጠርዝ በነኩ ቁጥር አንድ እርምጃ እየወረዱ ይመጣሉ። ተጫዋቹ ከታች ሆኖ ይተኩሳል። ጨዋታውን ዝነኛ ያደረገው ባሕርይ ግን ከማሽኑ ድካም የተገኘ ነው። የጊዜው ፕሮሰሰር ሁሉንም ወራሪዎች በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ስለማይችል አንድ በአንድ ነበር የሚያንቀሳቅሳቸው፤ ስለዚህ ቁጥራቸው ባነሰ መጠን የቀሩት እየፈጠኑ ይሄዳሉ። የመጨረሻው ወራሪ ብቻውን ሲቀር ስክሪኑን እየሮጠ ያቋርጠዋል። ኒሺካዶ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮ አላረመውም፤ ተወው። ከወራሪዎቹ እርምጃ ጋር አብሮ እየፈጠነ የሚሄደው የአራት ድምፅ ምትም የተጫዋቹን ልብ አብሮ ያስሮጠዋል። በጃፓን ይህ ጨዋታ ብቻ የተደረደረባቸው ቤቶች ተከፍተው ነበር። በጨዋታው ምክንያት በአገሩ የ100 የን ሳንቲም ጠፋ የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። ወሬው ማማሩ እውነት አያደርገውም፤ ነገሩን የመረመሩ ሰዎች ማስረጃ አላገኙለትም።

በ1980 ናምኮ ፓክማንን አወጣ። ቶሩ ኢዋታኒ የተባለው ሠሪው የጌም ቤቶቹ ነገር አልተዋጠለትም ነበር፤ ሁሉም ተኩስ፣ ሁሉም ወንድ። ሴቶችና ጥንዶች የሚገቡበት ቤት እንዲሆን ፈልጎ ጨዋታውን በመብላት ዙሪያ ሠራው። ቢጫው ክብ በጠባብ መተላለፊያዎች እየዞረ 240 ነጥቦችንና በየማዕዘኑ ያሉ አራት ትልልቅ እንክብሎችን ይለቅማል፤ አራት መናፍስት ያሳድዱታል። የጨዋታው ብልሃት ያለው በመናፍስቱ ላይ ነው። ቀዩ ቀጥታ ከኋላ ይከተላል። ሮዝማው ተጫዋቹ ከሚሄድበት አቅጣጫ አራት እርምጃ ቀድሞ ይጠብቃል። ሰማያዊው የሚሄድበትን የሚወስነው የቀዩን ቦታ ጭምር አይቶ ነው። ብርቱካናማው እያሳደደ መጥቶ ሲቀርብ ሐሳቡን እንደቀየረ ሰው ወደ ጥጉ ይመለሳል። ልጆች ይህን ማንም ሳይነግራቸው ደረሱበት። መናፍስቱ ለተመሳሳይ እንቅስቃሴ ሁልጊዜ ተመሳሳይ መልስ ስለሚሰጡም የሚያዋጣውን መንገድ በቃላቸው ይዘው፣ በወረቀት ስለው ይለዋወጡ ነበር። ጨዋታው ማለቂያ እንዲኖረው አልታሰበም። ይሁንና የደረጃው ቁጥር የተቀመጠበት ቦታ ከ255 በላይ መያዝ ስለማይችል 256ኛው ደረጃ ላይ የስክሪኑ ቀኝ ግማሽ በፊደልና በቁጥር ፍርስራሽ ይሸፈናል፤ ከዚያ ወዲያ ማለፍ አይቻልም። እዚያ የደረሰ ልጅ ጥቂት ነው፤ ወሬው ግን ሁሉም ዘንድ ደርሷል።

እዚህ ላይ ሒሳቡን መመልከት ይጠቅማል። የአሜሪካ ማሽኖች የተለመደ ዋጋ አንድ ስሙኒ፣ ማለትም 25 ሳንቲም ነበር። ተራ ተጫዋች በአንድ ስሙኒ ሦስት ደቂቃ ቆየ ቢባል አንድ ማሽን በሰዓት 20 ስሙኒ፣ ይኸውም 5 ዶላር ይሰበስባል። በ1981 የአሜሪካ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ 3 ዶላር ከ35 ሳንቲም ነበር። ያለ ዕረፍት የሚጫወት ልጅ አንድ አዋቂ ምግብ ቤት ቆሞ ሲሠራ ከሚያገኘው በላይ ያጠፋል ማለት ነው። ታይም መጽሔት በ1982 መጀመሪያ ጉዳዩን የሽፋን ርዕስ ሲያደርገው፣ ባለፈው ዓመት አሜሪካውያን በእነዚህ ማሽኖች ውስጥ የጨመሩትን ስሙኒ 20 ቢሊዮን አድርሶት ነበር።

ሦስቱ ደቂቃ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። የማሽኑ የኋላ በር ሲከፈት አቧራ በለበሰው ሰሌዳ ላይ ጥፍር የማታክል የማብሪያ ማጥፊያ ረድፍ ትታያለች። ባለማሽኑ በእነዚህ ትንንሽ ቁልፎች ለፓክማን ስንት ነፍስ እንደሚሰጠው ይወስናል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ወይም አምስት። ተጨማሪዋ ነፍስ በ10,000፣ በ15,000 ወይም በ20,000 ነጥብ እንድትገኝ፣ ከፈለገም ጭራሽ እንዳትገኝ ያደርጋል። ይህን የማያውቅ ልጅ ዓርብ ዕለት የለመደው ማሽን ቅዳሜ ሲጨክንበት ጥፋቱን ከራሱ ይፈልግ ነበር። ገቢውን ባለማሽኑና የቦታው ባለቤት ብዙ ጊዜ እኩል ይካፈሉታል፤ ማሽኑ የቆመበት ቦታ ከፒዛ ቤት እስከ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሊሆን ይችላል። ቡሽኔል ራሱ ጥሩ ጨዋታ ለመጀመር ቀላል፣ ለመካን ግን ከባድ መሆን አለበት የሚል መርሕ ነበረው። መርሑ የጥበብም የንግድም ነው፤ የመጀመሪያው ግማሽ ስሙኒውን ከኪስ ያስወጣል፣ ሁለተኛው ግማሽ ቀጣዩን ስሙኒ ያስከትላል።

ከዚህ ሒሳብ የልጁን ቅዳሜ መገመት አያዳግትም። የሁለት ዶላር የኪስ ገንዘብ ያለው ልጅ ስምንት ጨዋታ አለው፤ ጎበዝ ካልሆነ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላለትም። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ግን እዚያው ነው የሚውለው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው በሰው ትከሻ አሻግሮ እያየ ነው። ሳንቲም ሳያወጣ የሚማረው ያኔ ነው። የትኛው መተላለፊያ እንደሚያድን፣ ጆይስቲኩ ወደ ግራ የሚከብደው ማሽን የቱ እንደሆነ፣ ስሙኒ ሲጨምሩለት የሚተፋውስ የትኛው እንደሆነ ያጠናል። ተራ የሚያዘው ሳንቲሙን በስክሪኑ ግርጌ ባለው ጠርዝ ላይ በማስቀመጥ ነው። አምስት ስሙኒ ከተደረደረ አምስት ልጅ ይጠብቃል ማለት ነው። ስም አይጻፍም፣ ጠባቂ የለም፤ የራሱ ስሙኒ የትኛው እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል። የሌላውን ተራ የዘለለ ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ፊት አይሰጠውም። ደንቡን ያወጣ አካል ባይኖርም ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲኬድ እምብዛም የተለየ አልነበረም።

በብዙ ማሽኖች ላይ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ ተጫዋች ስሙን በሦስት ፊደል ይጽፋል። የሦስት ፊደል ስም የሰፈር ማዕረግ ሆነ፤ ባለቤቱን በዓይን አይተውት የማያውቁ ልጆች እንኳ ፊደሎቹን ያውቃሉ። ፓክማንን ጨምሮ ብዙዎቹ የጊዜው ማሽኖች ግን ነጥቡን የሚይዙት ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ብቻ ነበር። ቤቱ ማታ ሲዘጋ፣ ገመዱ ሲነቀል፣ የቅዳሜው ንጉሥ ይሰረዛል። እሁድ ጠዋት ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል።

ወላጆችና ባለሥልጣናት ቤቱን በሌላ ዓይን ነበር የሚያዩት። በቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ያለችው ሜስኪት ከተማ ዕድሜው ከ17 በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ እንዳይጫወት ከለከለች፤ ክርክሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1982 ለተጨማሪ ምርመራ ወደ ታች ተመለሰ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ኤቨረት ኩፕ ጨዋታው ልጆችን በሱስ እየያዘ ነው ብለው ተናገሩ፤ ወዲያው ደግሞ አነጋገራቸው በሳይንሳዊ ማስረጃ ላይ የቆመ ሳይሆን የግል አስተያየታቸው መሆኑን በመግለጫ አስታወቁ። በፊሊፒንስ ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርቆስ በ1981 የቪዲዮ ጌም ማሽኖችን ጨርሰው አገዱ። ጃፓን በ1985 ጌም ሴንተሮችን ከመሸታ ቤቶች ጋር በአንድ የቁጥጥር ሕግ ሥር አስገባቻቸው፤ ልጆች የሚቆዩበት ሰዓትም ተገደበ። ስጋቱ ሁሉ ባዶ ነበር ማለት አይቻልም። ቤቶቹ ብዙ ጊዜ በሲጋራ ጭስ የታፈኑ ነበሩ። ታላላቆቹ የታናናሾቹን ሳንቲም ይቀማሉ፤ ኢዋታኒ የተመኘላቸው ሴት ልጆችም አዘውትረው የሚደፍሩት ቦታ አልነበረም። ትዝታ እነዚህን ሲያነሳ ቸኩሎ ነው የሚያልፋቸው።

የቤቶቹ መዳከም አዝጋሚ ነበር። በ1983 የአሜሪካ የቤት ውስጥ ጌም ገበያ ሲወድቅ አርኬዶችም አብረው ተመቱ፤ ብዙዎቹ ተዘጉ። በ1991 ካፕኮም ያወጣው ስትሪት ፋይተር ሁለት እንደገና ሞላቸው። ይህ ጨዋታ ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን አቁሞ የሚያደባድብ በመሆኑ የሚያሸንፈው ይቆያል፣ የሚሸነፈው ስሙኒ ያመጣል። ከማሽን ጋር መታገል ከሰው ጋር ወደ መፋለም ተለወጠ፤ በጠርዙ ላይ የሚደረደረው ስሙኒም በዛ። በታኅሣሥ 1994 ግን ሶኒ በጃፓን ፕሌይስቴሽንን ለገበያ አቀረበ። ናምኮ ቴከን የተባለውን የአርኬድ ጨዋታውን የሠራው በዚሁ በፕሌይስቴሽን አካል ላይ ተመሥርቶ ነበር። ጌም ቤት የቆመውና ሳሎን የተቀመጠው ማሽን በውስጣቸው ከተመሳሰሉ ለሳንቲም ከቤት መውጣት ምክንያት ያጣል።

በኢትዮጵያ የታሪኩ አካሄድ የተገላቢጦሽ ነው። የሳንቲም ማሽን በየሰፈሩ አልተስፋፋም፤ የእሱን ቦታ በመንገድ ዳር ጆተኒና በየመዝናኛ ቤቱ ከረንቡላ ይዘው ነበር የቆዩት። በምዕራቡ ዓለም አርኬድን የገደለው ፕሌይስቴሽን አዲስ አበባ ሲገባ ግን ራሱ አርኬድ ሆነ። መሣሪያው ለአንድ ቤተሰብ ውድ ስለነበር አንድ ሰው ጥቂት ይገዛና በአንዲት ክፍል ውስጥ ከቴሌቪዥኖች ጋር ደርድሮ በጨዋታ ወይም በሰዓት ያከራያል። ፕሌይስቴሽን ቤት እንዲህ ተወለደ። እዚያ የነገሠው እግር ኳስ ነው፤ በመጀመሪያ የኮናሚው ዊኒንግ ኢለቨን፣ ኋላም ፊፋ። አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡ ልጆች ተራቸውን ይጠብቃሉ፣ ያልተጠየቁትን ምክር ይሰጣሉ፣ የሚጫወተውን ያበሽቃሉ። አንዱ ጆይስቲክ ሲበላሽ ብልሽቱ የተሸናፊው ሰበብ ይሆናል። መብራት የጠፋ እንደሆነ ደግሞ ክርክሩ ከባለቤቱ ጋር ነው፤ የተከፈለበት ጨዋታ ሳያልቅ ጠፍቷልና ይደገም አይደገም። የሜስኪት ከተማ ስጋትም አልቀረም፤ በትምህርት ቤቶች አካባቢ ያሉ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ከጫትና ከሺሻ ቤቶች ጋር ተደምረው የታሸጉበት ጊዜ አለ። በዚያ አግዳሚ ላይ ያደጉት ዛሬ ሠራተኞችና ወላጆች ናቸው፤ ሲጨዋወቱም የሚያነሱት ግቡን ከቆጠረው ልጅ ይልቅ ከኋላ የጮኸውን ነው።

ይህ ዝንባሌ በጥናት ተፈትሿል። በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ቲም ዊልድሹትና ኮንስታንቲን ሴዲኪደስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2006 ባሳተሙት ሥራ ሰዎች የሚናፍቁትን ትዝታ እንዲጽፉ አድርገው ነበር። በተጻፉት ውስጥ ተራኪው ራሱ መሐል ላይ ቢቆምም ብቻውን የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው፤ ቤተሰብ፣ ጓደኛ፣ የሚወደው ሰው በዙሪያው አለ። በሌላ በኩል የማስታወስ ችሎታን የሚያጠኑ ሰዎች አዋቂዎች ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመት ባለው ዕድሜያቸው የሆነውን ከሌላው ጊዜ አብልጠው እንደሚያስታውሱ ደጋግመው አይተዋል። አርኬድ ሁለቱንም ያሟላል። ዕድሜው ያ ነው፣ ቦታውም በሰው የተሞላ ነው። ልጁ ቤቱ ብቻውን ተቀምጦ ያጠናቀቃቸው ጨዋታዎችም ይናፈቃሉ፤ አብሮት ያላየው ሰው ግን ስለእነሱ የሚለው ነገር አይኖረውም። ትዝታ ደግሞ በወሬ ነው የሚኖረው።

ጨዋታዎቹን ራሳቸውን ማግኘት ዛሬ ከባድ አይደለም። በ1997 ኒኮላ ሳልሞሪያ የተባለ ጣሊያናዊ የጀመረው ማሜ የተሰኘ ፕሮግራም የድሮ ማሽኖችን ውስጣዊ አሠራር በኮምፒዩተር ላይ አስመስሎ ያስኬዳል። በማሜ ሳንቲም የሚጨመረው የቁጥር 5 ቁልፍን በመጫን ነው። ተጫዋቹ በተሸነፈ ቁጥር 5ን እየነካ ይቀጥላል፣ ስሙኒው አያልቅም። ብዙዎች ለዓመታት ሲመኙት የነበረውን ጨዋታ አግኝተው በሩብ ሰዓት የሚሰለቹትም በዚህ ነው። ሲሠራ ታስቦ የነበረው ውጥረት የሚመጣው ከመጨረሻዋ ሳንቲም ነበር።

ማሽኖቹን እንደነበሩ የሚያቆዩ ቦታዎችም አሉ። በ1952 የተመሠረተው በኒው ሃምፕሺር ግዛት፣ ላኮኒያ ከተማ የሚገኘው ፈንስፖት የአርኬድ ሙዚየም በውስጡ ይዟል፤ ማሽኖቹ እስከ ዛሬ የሚሠሩት በሳንቲም መልክ በተቀረጸ ጅቶን ነው። በኢሊኖይ ግዛት፣ ብሩክፊልድ ከተማ በ2010 የተከፈተው ጋሎፒንግ ጎስት በበር አንድ ጊዜ አስከፍሎ ቀኑን ሙሉ ያጫውታል። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ደግሞ በ2012 ፓክማንን ከስብስቡ ውስጥ አስገብቷል። በጃፓን ሴጋ የጌም ሴንተር ንግዱን ሸጦ ስለወጣ ከ2022 ጀምሮ ስሙ ከቤቶቹ ላይ ወርዶ ጊጎ በሚል ተተክቷል፤ ቤቶቹ ግን ሥራ አላቆሙም፣ ዋና ገቢያቸው አሻንጉሊት በሚያነሡ ማሽኖች ላይ እየሆነ መጣ እንጂ።

ማሽኖቹን ለሚጠግኑ ሰዎች አስቸጋሪ የሆነው የስክሪኑ ጉዳይ ነው። የዱሮዎቹ ማሽኖች ባለ ትልቅ ቱቦ ቴሌቪዥን ነው ያላቸው፤ ይህ ቱቦ ዛሬ እንደ ልብ የሚመረት ዕቃ ስላልሆነ ከተጣሉ ቴሌቪዥኖች ይለቀማል። ለዓመታት አንድ ዓይነት ምስል ሲያበራ የኖረ ቱቦ ደግሞ ምስሉ ይቀረጽበታል። የፓክማን ማሽን ኤሌክትሪኩ ተነቅሎም መተላለፊያዎቹ በጠቆረው መስታወት ላይ ይነበባሉ። አዲስ ቱቦ የሚያስገቡ አሉ፤ ምልክቱን እንዳለ ለመተው የሚመርጡ ሰብሳቢዎችም ጥቂት አይደሉም፤ እንዲያውም ለእሱ ብለው ጨምረው የሚከፍሉ ይገኛሉ።